የጉንጯ ጠብታ

ከጀልባ መውረጃው ጋ፣ ከዋርካው ሥር ሱቅ፣
አንጓች ኩባያ ላይ፣ ያለ ዕድሜ ስትስቅ፣
ዛሬ አገኘኋት።
በቁልፍ መያዣ ላይ፣ በቲሸርትም ደግሞ፣
የዚያ ዘመን ቲያትር ማስታወቂያ ታትሞ፦
«ቅዳሜ በስምንት፣ በማዘጋጃ ቤት፤
ሃምሳ ሳንቲም ለወንድ፣ ስሙኒ ለሴት።»

የሠዓሊውን ስም ግርጌው ላይ ባጣው፣
እኔው ጠራሁለት በለሆሳስ፦ ይርሳው።
ከተማው ስሙን እንደ ትእዛዝ ወሰደው።

ከጀልባ ቀቢዎች ቀለም ተበድሮ፣
በኩራዝ ሲሥላት እንቅልፍ አጥቶ አድሮ፣
እጁ ተንቀጥቅጦ አንዲት ጥቁር ጠብታ
ጉንጯ ላይ ወደቀች።
አልጠረጋትም። አይቷት ቆየ ላፍታ።

እኔ ባልዲ ይዤ፣ ግድግዳው ሥር፣ ልጅ፣
የዱቄት ሙጫ ሊልስ የመጣ ፍየል እንጂ
ሌላ ነገር አላይም ነበር።

አሁን ሻጩ ወጣት ኩባያውን እያዞረ፣
«ማርያም የሳመቻት! ያኔ ውበት ነበረ»
አለኝ። ሁለት መቶ ሰማንያ ብር።
ከፈልሁት። በጋዜጣ ጠቀለለልኝ።
በሐይቁ ዳር ሄድሁ፣ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ፣
ኩባያውን አቅፌ፣ ቃል ሳልተነፍስ።

ማርያም አይደለችም፣ ልጄ፣ የሳመቻት።
ይርሳው ነው።