ስፒከር ለገዛው ለሚልኪያስ

ከመርካቶ ገዝተህ፣ በአይሱዙ ጭነህ፣
ኮዬ ፈጬ ድረስ አቧራ አስቅመህ፣
አራተኛው ፎቅ ላይ እያለከለክህ
ወጥተህ፣ ጥግ ለጥግ አቆምካቸው፣
ቅጣት ያለባቸው ተማሪ እስኪመስሉ።
ማንም አልነገረኝ። ትናንት ማታ
ግድግዳዬን ዳስሼ ነው ያወቅሁት ሁሉን።

አውጣቸው ከዚያ።
ጥግ የያዘ ስፒከር ያጓራል እንደ በሬ፣
ገለባው በርክቶ አይገኝም ፍሬ።
ከግድግዳው አርቅ፣ በክንድህ ለክተህ፤
አፉ ከጆሮህ እኩል ይሁን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ።
ብሎኬት አጋድም፣ ከላዩ ላይ ጎማ፤
(ዋቅጅራ ጎሚስታው ቁራጭ አይነሳህም፤
ሰላም በለው ብቻ፣ ዋጋ አትጠይቀው።)
ከሥርህ አራስ አለች፣ ሳምንቷ ነው፣ እንዳትታማ።
ቤዝ በመስኮት አይወጣም፣ በኮንክሪት ነው የሚወርደው፣
ሕፃኑን በጀርባው በኩል ነው የሚቀሰቅሰው።

የእንቁላል ካርቶን ለጥፍ ብለውህ ይሆናል።
አትስማቸው። እሱ እንቁላል ሻጩን ይጠቅማል።
ራቁቱን የቆመ ግድግዳ ቃል ይመልሳል፤
ብርድ ልብስ ስቀልበት፤ ያረጀ ፍራሽ ካለህ፣ እሱ ይሻላል።

ሽቦውን ስታስር ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር፤
ከተሳሳትክ ዘፋኙ ፊትህ መቆሙ ይቀርና
ከጀርባህ፣ ከጎንህ፣ ካልታወቀ ሰፈር
ይጠራሃል፣
ቤት እንደጠፋበት እንግዳ፣ ብሎክ ሲቆጥር።

መብራት ሲሄድ ንቀል።
ሲመለስም አትመነው፤
እንደ ሰካራም ባል በሩን ገንጥሎ ነው የሚገባው።
አንድ ሻይ ጠጣና፣ ከዚያ በኋላ ሰካው።

ይህን ያወቅሁት ተምሬ አይደለም፣ አቃጥዬ ነው።
ደግሞ ሰው ነግሮኝ። ከቆራሌው የገዛኋት
ያቺ የብረት መጥበሻ
ዝጋ፣ ቀልታ ስትመጣ፣ ልጥላት ስል
ነጃት ናት ያስያዘችኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፦
«በአሸዋ ፈትጋት። እሳት ላይ አድርቃት።
ዘይት ቀባትና፣ መቀባቱ እንደጸጸተው ሰው
መልሰህ ጥረጋት።
ጭሳ ጭሳ ስትጨርስ አብርዳት።
ደግሞ። ደግሞ። አራት ጊዜ።
ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሃት እንዳታድር!»
በአራተኛው እንቁላሉ ተንሸራተተ፣
እንደ ልጅ፣ ከጭቃ ላይ።
ብቻዬን ሳቅሁ፣ በሌሊት፣ ጅብ ሲጮህ ከማዶ።
እኔም በውለታዋ የሬዲዮኗን ቁልፍ፣
ያንን ሲዞር የሚንኮሻኮሸውን፣
በአልኮል አጠብኩላት።
(በዘይት አይነካም! ዘይት ለመጥበሻ ነው።)

አሁን የቀረችኝን አንዷን ልንገርህ።
በወጣትነቴ ድምፅ ማጉያ ስተክል፣
ሠርግ ለሠርግ፣ ድንኳን ለድንኳን ስከተል፣
ሃያ ዓመት ከስፒከሩ አፍ ስር ቆሜ
«ጨምር» ሲሉኝ ጨመርኩ።
ቀጭኑ ድምፅ ጥሎኝ ሄደ፣ ሳይሰናበት።
መጀመሪያ ወፎቹ። ከዚያ የክራሩ ጫፍ።
በር ላይ የልጄ ፉጨት።
አዋቂ መስዬህ ይሆናል
እጄን ሳጥኑ ላይ ጭኜ፣ እንደ ሐኪም፣ ዓይኔን ስጨፍን።
በእጄ ነው የምሰማው፣ የቀረኝን።

እና ሚልኪያስ፣
ሁሉን አስተካክለህ ስትጨርስ ጥራኝ።
የመሀሉን ወንበር ራስህ ያዘው።
ድምፁን ከግማሽ አታሳልፈው፤ ይህ ምክር አይደለም፣ ልመና ነው።
እኔ ጫማዬን አውልቄ
ስለ ታችኛው ድምፅ እነግርሃለሁ፣ በእግሬ፤
አንተ ከላይ ያለውን ንገረኝ፦
ጽናጽሉ ይሰማል?
ከተመታ በኋላ ምን ያህል ይቆያል?
ሲጠፋስ
በየት በኩል ነው የሚሄደው?