የሸዋንግዛው ጋሻ

ስም አውጭው አባቱ «ሸዋን ግዛው» ቢለው፣
አንድ ጥማድ ሳይገዛ ሸዋን ከላይ አየው።
ከላይ ሲታይ፣ ይላል፣ ሸዋ ባና ነው፤
የመንዝ ሸማኔ ከጥቁር ሱፍ የሠራው፣
ገደሉ ጋ ሲደርስ ጠርዙ የተተረተረው።

አባቴ ሠዓሊ፣ አለቃ ዘወንጌል፣
ዕድሜውን የፈጀ የመልአክ ክንፍ ሲሥል፣
ላባውን በላባ እየደራረበ፣
በየላባው መሐል ዓይን እያነጠበ፤
አንድ ጧት ሰውየው ጋሻ ይዞ መጣ፣
ብሩ ተነቃቅሎ ለዕዳ የወጣ።

«ያስተማረኝ ጌታ፣ ባሕር ማዶ ሳለሁ፣
በሩ ላይ የሰቀለው ጋሻ ነበር፣ አየሁ፤
ግንብ ተሥሎበታል፣ አውሬ ተሥሎበታል፣
ከሥሩ አንዲት ቃል፣ ሰው አንብቦ ያልፋል።
እኔም በረርኩ እኮ። ለእኔም ይገባኛል።»

አባቴ ቀለሙን በእንቁላል እያሸ፣
«አንበሳ ላድርግበት?»
«የለም፣ ባለቤት አለው።»
«ንስርስ?»
«ተወው እሱን፣ ምስክር ነው የሚሆነው፤
ጣርማበር ገደል ላይ ሞተሬ ሲጠፋብኝ
ጎን ለጎኔ መጥቶ አንገቱን አዙሮ አየኝ።»

ክንፍ ግን አይቀርም፤ አባቴም ጀመረ፣
ቀይና ቢጫውን እየደረደረ፣
ዓይን ሊያኖር ሲል ግን ሰውየው አፈረ፦
«የእኔ ክንፍ ሸራ ነው፣ በሙጫ የጠጠረ፣
ሰፌድ የሚያህል ልጥፍ በቀኙ ያለበት።
ዓይን የለውም፣ አለቃ፤ ቢኖረውማ ኖሮ
ገብሱን ባየበት።»

ገብሱ የይመኙሽ ነው፣ ከበሬሳ ማዶ፤
ኅዳር ላይ ዛላው ሲያጎነብስ ከብዶ፣
ከውርጭ የተረፈ፣ ከበረዶ የዳነ፣
ከላይ በወደቀ ብረት ተከደነ።
እሷ ማጭድ ይዛ መጥታ አገኘችው፤
አልጮኸችም። አልሸሸችም። እግሩን ከሽቦው ፈትታ፣
«ነፍስህስ ተርፋለች፤ ገብሴስ፣ የእኔ ጌታ?»

አባቴ ይህን ሰምቶ ክንፉን አጥቦ ጣለ፤
በምትኩ ሦስት ዛላ፣ ዝም ብሎ ሣለ፣
አንዱ ወገቡ ላይ የዘነበለ።
ከሥሩ በቀይ ቀለም፣ ፊደሉ የጎላ፣
«ገብስ ተቀበለኝ»። ሌላ ቃል የለም፣ ሌላ።

ጋሻ ሲባል አገሬው መሬት ነው የሚያስበው፤
«ስንት ጋሻ አለው?» ሲባል፣ «አንድ፣» ይል ነበር ሰው፣
«ቆዳ ነው፤ አዝመራው ግድግዳ ላይ ያለው።»

ይመኙሽም አየችው፣ ለገበያ ወርዳ።
«ሦስት ዛላ፣» አለች፣ «ከሁለት ጥማድ ዕዳ።
ቆዳ ላይ የበቀለ ቂጣ አይሆንም ለልጅ፤
ወፍም አይለቅመው።»
ሰውየው መሬት አየ። ሌላ ምን ሊከፍላት!
ከክንፉ የተረፈውን ሸራ ጠቅልሎ ላከላት።

ጆንያ አደረገችው። ሙጫ የጠጣ ሸራ
አይጥ አይበሳው፣ ዝናብ አያልፈው፤ ስንት ክረምት ሠራ።
ጋሻውንስ ብል በላው፤ «ገብስ» የሚለው ቀረ፣
«ተቀበለኝ» ያለው ከቆዳው ጋር ተሸረሸረ።
ጆንያው ግን እስከ ዛሬ፣ ከነልጥፉ ነው፤
በየዓመቱ ኅዳር ገብሷን ሞልታ ስትጭነው
ወደ ወፍጮ ይሄዳል፣ አህያዋ ላይ፤
ከምድር ሁለት ክንድ ያህል፣ ወደ ሰማይ።