ጨው በጨው

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከደረጃው በታች፣
ሦስት ክንድ የማትሞላ ሱቅ ነበረች፤ አለች።
የቆመ ሰዓት ነው ወደኔ የሚመጣ፤
ዓሣ ግን በዕዳ፣ በእንድሪስ ጣጣ።

ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ኮምቦልቻ ሲወርድ
የመስታወት ገንዳ ይዞ መጣ፣ እጁ እስኪርድ፤
"ያለብኝ ሂሳብ ነው፣ ቁጠረው" አለና
ዘጠኝ ጉፒ ትቶልኝ ሄደ በደህና።
ሰባቱ ግራጫ፣ ሁለቱ እሳት ጅራት፤
ትልቋን ብቻ "ሸጋ" ብዬ ጠራኋት።

ሐምሌ ገባ። ጦሳ ጉሙን አወረደ፤
ከሱቄ ደፍ ቆሞ እንደ እንግዳ ለመደ።
መብራት በሄደ ቁጥር ገንዳው ይቀዘቅዛል፤
ማሞቂያው እንደ ሞተ ትል ይንጠለጠላል።

አንድ ጠዋት ሸጋ ምግቧን ተወችው፤
ከጠጠሩ ጋራ ጎኗን አሻሸችው፤
ዘለለች፣ ተፈተገች፣ ክንፏን ሰበሰበች፣
ከማሞቂያው ኋላ ጥግ ይዛ ቆመች።

"በሽታውን የደበቀ..." ይላል ሰው ሲተርት፤
ዓሣ ምን ትደብቅ? አፍ አላት፣ ድምፅ የላት።
ሕመሟን ቆዳዋ ላይ ጽፋ ይዛለች፤
ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ። እሷማ ተናግራለች።

ፋርማሲው ጋ ወጣሁ። ጦይባ ሳቀችብኝ፦
"ጋሼ፣ ላዋቂ አለኝ፣ ለልጅ አለኝ፣ ለዓሣ ግን የለኝ።"
የከብት ሐኪሙ መርፌውን አወጣ፤
ከሸጋ ይረዝማል። ሄድኩኝ ሳልቆጣ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ጥርስና ሞላ ያየሁበትን
አጉሊ መስታወት ዓይኔ ጉድጓድ ሰካሁ፤
ትንፋሼን ውጬ ከገንዳው ተጠጋሁ።
ጨው። ጨው የተነሰነሰባት መሰለኝ፤
አሥራ አራት ነጭ ነጥብ። ጅራቷ ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ።

ሰዓት አወጣሁና የስንጥቧን ምት ቆጠርኩ፤
በደቂቃ መቶ ሠላሳ። መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፣
እዚያው፣ ከ"ሴኮ፣ ሞላው የተበጠሰ" በታች፦
"ሸጋ። ነጭ ነጥብ። ምግብ ትታለች።"
በማግስቱ ሌሎቹም መፋተግ ጀመሩ፤
ነጥቡ ዞረ እንደ ወሬ በመንደሩ።

እንድሪስ በስልክ፦ "ሙቀት ስጥ፣ ጨው ጨምር፤
የፓኬቱን ሳይሆን፣ የአፋሩን አሞሌ ስበር።
ለሃያ ሊትር አንድ ማንኪያ፣ ሳትቸኩል፤
ዓሣን ድንጋጤ ከደዌው ቀድሞ ይገድላል።"

ሰኞ ገበያ፣ ሁመድ ጋ። "ለወጥ ነው?" "ለታመመ" አልኩት፤
ለሰው መስሎት አዝኖ ዋጋ ቀነሰ። እኔም አላረምኩት።
"ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይሉታል ጨውን፤
እኔ ግን "ለሷ ስትል" አልኩት፣ ስወቅጠው ድንጋዩን።

ሌሊት መብራት ሄደ። በከሰል አፈላሁ፤
ሙቁን ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞላሁ፤
ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩ፤ አለበስኩት ጋቢዬን፤
ሸጋ ሞቃት ስታድር ብርድ በላው ጎኔን።

በአምስተኛው ቀን ነጥቡ ረገፈ።
"ዳነች!" ብዬ ደወልኩ። እንድሪስ ግን ዘለፈ፦
"ከቆዳ ሲለቅ'ኮ ወደ ታች ይወርዳል፤
ከጠጠር ሥር ተኝቶ መቶ ሆኖ ይነሳል።
አላለቀም በለው። ውሃ ቀይር፣ ጠጠር እጠብ፤
ሌላ አሥር ሌሊት ቁጠር ነጥብ።"

ስልኩን ዘግቼ በሬን አየሁት። የዚያን ዓመት ጥይት የበሳው
ቀለም ተቀብቷል። ማን አለ የሚያስታውሰው?
ነጥብ አይታይም።
እኔ ግን ጠጠሩን አጠብኩ፤
ሌላ አሥር ሌሊት ቆጠርኩ።

ሁለት ግራጫዎች ሞቱ። ስም አልነበራቸው፤
በክብሪት ቀፎ ይዤ ከጽጌረዳው ሥር ቀበርኳቸው።
ሸጋ ግን በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ማለዳ፣
ከጥጓ ወጥታ ገንዳውን ዞረች፣ እንደ አዲስ እንግዳ።

ትንፋሿን ቆጠርኩ፦ ሰባ ስምንት። ጻፍኩት።
ከመዝገቡ ጎን የሰው ሰዓት ነበር፤ ገና አልነካሁት።
ባለቤቱ መጥቶ "ደረሰ ወይ?" ሲለኝ
"ዓሣ ታሞብኝ ነው" አልኩት።
አላመነኝ።