ሰባተኛው

ኤላዲዮ ሲቆጥር ድምፁን ያሰማል፤
ፊደል እንደያዘ ልጅ ጣቱን ያጥፋል።
አንድ፤ የሞተር ዘይት። ሁለት፤ የጎማ ንፋስ።
ሦስት፤ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፍ መዳሰስ።
አራት፤ ከነዳጁ ቀድቶ በብርጭቆ
ለፀሐይ ማሳየት፣ ውሃ እንዳይኖር ጠልቆ።
አምስት፤ የግራ ጭራ። ስድስት፤ የቀኝ ጭራ።
ሰባት —
          እኔ ደረስኩ፣ ከአጥሩ ማዶ ስሙን ስጠራ።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣
በአልፋልፋው መሀል እስከ ጉልበት ዘልቄ፣
«ያቺን ቡሬ ጊደር ስንት ትላታለህ?»
ሳቀ። «ጊደሯ የኔሊዳ ናት፤ እሷን ትጠይቃለህ።
እኔ አባወራው ነኝ፤ ባለቤቷ ግን እሷ።»
መጣ፣ እጄን ሊጨብጥ።
ሊጨብጠኝ ሲል፣ ስድስት ላይ ያጠፋትን አውራ ጣት ዘረጋ፤
ቁጥሩም በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ሄደ፣
ከጆንያ እንደሚያመልጥ የስንዴ ዘር ሳር ላይ ወረደ።

ከጭራው መጋጠሚያ ላይ አንዲት ካስማ ነበረች፣
ከእርሳስ የማትረዝም፣
የሌሊት ነፋስ መሪውን እንዳይንጠው ጠፍራ የምታድር፤
እንዳትረሳ ብለው ቀይ ጨርቅ አንገቷ ላይ ያሰሩላት።
እኔ አይቻታለሁ።
በጠዋቱ ነፋስ ስትውለበለብ አይቼ
ጌጥ መሰለችኝ፣
ለበዓል እንደተሸለመ የፈረስ ጭራ።

ሞተሩ አጓራ። ሳሩ ከነጤዛው ለጥ አለ፤
ቴሮ የሚሏት ጯሂ ወፍ ከእንቁላሏ ላይ ብድግ አለች።
ከነፋስ ወፍጮው ዘንድ ሲደርስ ሁልጊዜ መሬት ይለቃል።
ያን ቀን ወፍጮውን አለፈ፤
መሬቷ እሱን አልለቀቀችም።
«ተነሣ በል» አልኩ፣ የተኛ በሬ እንደሚቀሰቅስ ሰው።
አፍንጫው ቀና አላለም። አንድ ጊዜም።
ባለ ሰባት ሽቦው አጥር እንደ ጊታር ክር ተከታትሎ ተበጠሰ፤
ቆጠርኩት — እኔው ቆጠርኩት — እስከ ሰባት።
ከዚያ የከብቶቹ ኩሬ፣ ከዚያ ሆዱ ወደ ሰማይ፣
ከዚያ ዝምታ፤ አንድ ጎማ ብቻ
ነገሩን ያልሰማ ይመስል ይሽከረከራል።

ቀበቶው ላይ ተዘቅዝቆ አገኘሁት፤
ደሙ ከአገጩ ወደ ግንባሩ ቁልቁል ይወርዳል።
«ምን ረሳሁ?» አለኝ።
አላለኝም «አድነኝ»፤ አላለኝም «እግሬን»።
«ምን ረሳሁ?»
ቀዩ ጨርቅ አራት እርምጃ ርቆ ውሃ ያንጠባጥባል።
«አትናገር» አልኩት፣ «አቅምህን ቆጥብ»፤
ቢላዬን አወጣሁ፣ ቀበቶውን ቆረጥኩ።

ከዋና ከተማው መርማሪ መጣ፣ ለጭቃ የማይሆን ጫማ ተጫምቶ።
ኤላዲዮን ጠየቀው። «ረሳሁ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።
እኔንም ጠየቀኝ። ከወፍጮው ወዲያ ያለውን ሁሉ ነገርኩት፣
አንድም ሳልደብቅ።
ከወፍጮው ወዲህ ያለውን አልጠየቀኝም፤
ያልተጠየቀ አይመልስም ብዬ ከንፈሬን ገጠምኩ።

በሳምንቱ ጊደሯ መጣች፣ በገመድ፣ ያለ ዋጋ።
ኔሊዳ ናት የላከቻት፤ «ባሌን ከውሃ ላወጣልኝ» ብላ።
ልመልሳት? ምን ብዬ ልመልሳት?
በረት ገባች። ወለደች። ወተቷ ወፍራም ነው፤
ልጆቼ ይጠጡታል።
ኤላዲዮ በምርኩዝ እያነከሰ ይመጣና ጆሮዋን ያሻሻታል፤
«ስንት ትላታለህ?» ይለኛል፤ ይስቃል።
ያውቅ እንደሆነ አላውቅም።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቆጥር ካየሁ፣
እንቁላልም ይሁን፣ ፔሶም ይሁን፣ የታጠበ ካልሲም ይሁን፣
ባርኔጣዬን ይዤ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ፤
ዝናብ ቢመታኝም፣ ነገሬ ቢያስቸኩልም፣
የመጨረሻዋ ጣት እስክትታጠፍ።