ስንጥቡን ያላየ ገዥ

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ከኔ ይጀምራል።
ነጭ መኪና ከነጭ ግድግዳ ሥር በቀትር ካቆሙት
ዝገቱ ፀሐይ፣ ጭረቱ ጥላ ይመስላል።

ሴቱባል፣ ከወደቡ በላይ፣ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ፣
የአርሊንዶ ሬኖ ቆማለች አፍንጫዋን ቀስራ ወደ ባሕሩ ላይ።
ሠላሳ ዓመት ሰርዲን ያመላለሰች ከጀልባ እስከ ገበያ፣
በረዶ ወለሏን የበላው፣ ጨው የጻፈባት የዕድሜ መለያ።
አርሊንዶ በጥቅምት ሞተ። በኅዳር የኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጣ።
«ሽጭልኝ» አለችኝ ሚስቱ ዴኦሊንዳ፣
«በዚያ በስልክሽ፤ ዘጠኝ መቶ ዩሮ ካወጣ።»

አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ተደወለ።
ድምፁ፣ ምን ልበላችሁ፣ ቅቤ የጠጣ፣ ያልቸኮለ፤
«እመቤት ዴኦሊንዳ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለ።
«እኛ ሻጭና ገዥ እናገናኛለን። አንድ መሐንዲስ አለ፣ መርከብ ላይ የሚሠራ፣
በፎቶ አይቶ የወደዳት፣ ዋጋ የማይፈራ።
ሺህ ሁለት መቶ ይከፍላል። ከእርስዎ የሚፈለገው ጥቂት ነው፤
መቶ ሰማንያ ዩሮ መመዝገቢያ፣ እሱም ተመላሽ ነው።
ካርድዎን ብቻ ያውጡና ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

እኔም፣ እውነቱን ላውጣ፣ ደስ አለኝ።
ቦርሳዋን አመጣሁ፤ መነጽሯን ያቀበልኳት እኔው ነኝ።

ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለች፣
የመጀመሪያውን ቁጥር «አራት» አለች፣
ሁለተኛውን ልትል ከንፈሯን ከፍታ ቆመች።
«ስማኝማ ልጄ፣ መሐንዲሱ ስለ በሩ ጠየቀ?»
«የቱ በር፣ እመቤት?»
«የኋላው፣ በስተግራ፤ በእርግጫ ካልተመታ የማይዘጋው።»
«በሩንም ወዶታል።»
«ሽታውንስ?»
«ሽታውንም።»
ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፣ እንደ ከረመ ዓሣ።

አርባ ዓመት ከዓሣ ጠረጴዛ ኋላ የቆመች ሴት ናት።
«የሚገዛ ሰው» አለችኝ «ስንጥቡን ገልጦ ያያል፤
ሆዱን ይጫናል፣ አሽትቶ ፊቱን ያጠቁራል፣
‹ይሄማ የትናንት ነው› ብሎ ይሰድባል፣ ሄዶ ይመለሳል።
ስንጥብ ሳያይ ‹ይሁን› ያለኝ ሰው
ወይ ፍቅር ይዞታል፣ ወይ የያዘው ገንዘብ የሰው ነው።
ፍቅር የያዘው አርሊንዶ ነበር። እሱም አንድ ነው።»

ከዚያ ለስልኩ፦ «መመዝገቢያውን ከሺህ ሁለት መቶው ላይ ቀንሱና
የቀረውን አምጡልኝ። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው።»
ሂሳቡ ቀላል ነበር።
ድምፁ ግን መቀነስ አቃተው።

እሑድ ቫልዴማር መጣ፣ ከሞንቲጁ፣ በአውቶቡስ፣
ልስን የሚለስን፣ ኖራ ቅንድቡ ላይ የደረቀ፣ ፊቱ የማይለሰልስ።
ጎማውን ረገጠ። ከሥሯ ተንጋለለ።
ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ ቆርቆሮዋን ዳሰሰ፤
ከፊት መብራቱ ሥር ማግኔቱ ወደቀ።
«ስቱኮ!» አለ፣ «ለኔ? ለለሳኙ?»
ፎቶዬን ከስልኩ አውጥቶ ከመኪናዋ ጋር አስተያየና
ቀና ብሎ እኔን አየኝ።
መሬቱን አየሁ።

በሩን በእርግጫ መታው፣ ተዘጋ፣ ሳቀ።
«ሽታው አይለቅም?»
«ሠላሳ ዓመት አጥቤው አልለቀቀ።»
ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ፤ ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴ ከመታጠፊያው ተመለሰ።
ስድስት መቶ አርባ። እሷ ቆጠረች፣ እሱ ቆጠረ፣ እኔም ቆጠርኩ።
ሰኞ ጠዋት በቢሮ ስሙ በስሟ ቦታ ተጻፈ፤
ቁልፉም ያን ጊዜ ነው ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ።

ሬኖዋ ቁልቁል ወረደች፣ ሦስተኛው ማርሽ እየጮኸ።
ስልኩም ጮኸ።
«እመቤት ዴኦሊንዳ፣ መሐንዲሱ እስካሁን እየጠበቀ ነው።»
ባዶውን ቦታ አየች፣ ዘይት የጠጣውን ድንጋይ።
«መኪናዋ ሄደች፣ ልጄ። ሽታው ግን እዚሁ ነው፤
መቶ ሰማንያ ዩሮ መመዝገቢያ ይክፈልና እልክለታለሁ፤
ተመላሽ ነው በለው።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
ኅዳር ነበር፣ ከባሕሩ ብርድ ይነፍሳል፤
ያን ሌሊት መስኮቷን አልዘጋችም።