የማዕረግ ልዩነት

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በድሬ ለገሃር፣ በዚያች ጠባብ መስኮት፣
እጅ ነበር የማውቀው፣ አላውቅም የሰው ፊት።
ሂና የነከሰው፣ ግሪስ ያጠቆረው፣
ብሩን እንደ ጫጩት ጨብጦ የሚያድረው።
የኡባህ ሮብሌን ግን የማውቀው በድምፁ ነበር፣
አምባሯ ከመስኮቱ እንጨት ሲማከር።
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ከች ትል ነበረ ክርክሯን አንግታ።

«ንጋቱ፣ ደህና አደርክ? ሦስተኛ ቁረጥልኝ፣
ግን አንደኛ አስቀምጠኝ።»
«ልዩነቱን ክፈዪ። አሥራ አንድ ብር ነው።»
«ልዩነቱ ምንድን ነው?
ሐዲዱ ያው አይደል? ጭሱስ ያው አይደለም?
የፊተኛው ፉርጎ አዋሽን ቀድሞ አይስምም።»
«ወንበሩ ቀይ ከፈይ፣ መስኮቱ ባለ መጋረጃ፣
ማራገቢያም አለው።»
«ማራገቢያው ይሠራል?»
ዝም አልኩ።
«እንግዲያው የማራገቢያውን ቀንስልኝ።»

አንገቷን ታሰግጋለች፦ «ስንት ሰው ገባ ዛሬ?»
«አንድ ሐኪም። ዳኛው ከነሚስታቸው። ባለ ሆቴሉ ግሪክ።»
«ሌላው ባዶውን ሊሄድ ነው?
ባዶ ወንበር፣ ንጋቱ፣ ለማን ነው የሚከፍለው?
ፊሽካው ከተነፋ ያልተሸጠ ወተት ነው፤
በዚህ በድሬ ሙቀት ወተት ስንት ሰዓት ያድራል?
አራት ብር ልጨምር። እሺ አራት ተኩል።»

እኔም የታሪፉን መጽሐፍ ገልጬ አሳያታለሁ፣
በፈረንጅ አፍ የተጻፈ፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው።
«ሕግ ነው» እላታለሁ።
«ሕግማ ሕግ ነው፤ እኔ የጠየቅኩህ ዋጋውን ነው።»
ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ከኋላ ሰው ይሳደባል፣
እሷ ሳቋን ትለቃለች፣ ሦስተኛዋን ትቆርጣለች፣
ከዶሮና ከጀሪካን መሀል፣ ከእንጨቱ ላይ ትወጣለች።

አንድ ማክሰኞ ግን፣
ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ፣ መንገደኛው በየቤቱ ቀርቶ፣
ሼፋችን በወባ ተኝቶ፣
አንደኛ ማዕረግ እንዳለ ባዶ፣
እኔም የደሞዝ ሰሞን፣ ልቤ እንደ ቅቤ ነዶ፣
ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦
«ሦስት ብር ጨምሪ፣
ለማንም አትንገሪ።»
ቀዳሁላት ትኬቱን፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።
በሱማሌኛ መረቀችኝ፣ በአማርኛ ቆጠረችልኝ።

ደወሉ ሲደወል መስኮቴን ዘጋሁና
ሥራዬን ላይ ብዬ ወጣሁ፣
አንዲት ሴት ከፈይ ላይ ደገፍ ብላ፣
ጫማዋን አውልቃ፣ ጥላ ውስጥ ተጠልላ።
አየሁም። በመጋረጃው ስንጥቅ፣ ከዳኛው ሚስት ፊት ለፊት፣
ቀጥ ብሎ ተቀምጧል አንድ ትልቅ ጆንያ፣
የኡባህን ሻሽ አስሮ፣ እንደ ሙሽራ አክስት ተከብሮ።
ኡባህስ?
ኡባህ ከመጨረሻው ፉርጎ፣ ከእንጨቱ፣ ከዶሮው መሀል፣
እጇን አውጥታ ታውለበልባለች፤ አምባሩ ያንጸባርቃል።

ሚኤሶ ላይ ፊናንሱ ሦስተኛን በጩቤ እየወጋ ይፈትሻል፣
ጀሪካን ያሸታል፣ የሕፃን ልብስ ይገልጣል።
አንደኛ ማዕረግ ሲደርስ ግን
ኮፍያውን ነክቶ ያልፋል።

መናደድ ነበረብኝ። ሐዲዱ ዳር ቆሜ
ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ ሳቅኩ፣ ጥርሴን አልገጠምኩም፤
የሷን ሰላምታ ከኔ እጅ በሦስት ብር ገዝታዋለች፣
እኔ ግን ከፈይ መስሎኝ ስንት ዓመት ተሟገትኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አምባሩ ተመልሶ አንኳኳ።
«ሦስተኛ ቁረጥልኝ፣ ግን አንደኛ አስቀምጠኝ።»
«ለማን? ላንቺ ነው ለዘመድሽ?»
ዝም አለች። እኔም መጽሐፌን ገለጥኩ፦
«ሙሉውን ትከፍያለሽ። ለጆንያ ቅናሽ የለም።»

ከፈለች።
አሥራ አንዱንም ብር፣ ያለ አንዲት ቃል፣ አዲስ ኖት፣ ያልታጠፈ።
ስንት ታተርፍ እንደነበር ያን ቀን ነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ተከራክራኝ አታውቅም፤
ትመጣለች፣ ትከፍላለች፣ «ደህና ዋል» ትላለች።
ማክሰኞም እንደ ሌላው ቀን
ረጅም ሆነብኝ።