ነኝ እና አለሁ

የኢቲሃድ መንገድ ተዘግቷል፤ ከዱባይ ወደ ሻርጃ
ቀይ መብራት በቀይ መብራት ነው፤ መቼ እንደምንደርስ እንጃ።
የውኃ ቦቴዬ ያቃስታል፣ ሆዱን ሞልቶት አስር ሺህ ሊትር፤
ረውዳ ከጎኔ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ግስ ትቆጥራለች በጣቷ ጥፍር።
«አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ...»
«አብላ?» አልኳት። «ማንን? ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሳበላ!»
ሳቀች። «እሱ ይናገራል ማለት ነው፣ አባ።»
እኔ እዚህ አገር ያየሁት ግን፣ ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ፣
ቤቱን የሚያበላ ሰው ብዙ አይናገርም፤
የተናገረ ለታ መኖሪያ ፈቃዱ አይታደስም።

ፋርማሲ ይሁን፣ የሒሳብ መዝገብ፣ ብዬ ነበር ያሰብኩላት፤
የእቁቡን እጣ ከሰው ቀድሜ፣ ለምኜ ያወጣሁላት።
«ስፓኒሽ» ብላ ስትመጣ፣ እቁብተኛው «ምን ገባች?» ሲለኝ
«ቢዝነስ» አልኩ። ውሸቱ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለኝ።

አንድ ማታ ግን አልቻልኩም፦ «ምን ይረባል ይሄ ትምህርት?»
«ይረባል እንጂ» አለች፣ ቀና ሳትል ከወረቀት፤
«አብዛኛው ግስ ደንብ አክብሮ ይረባል፣ አንድ በአንድ፤
በደንቡ የማይረቡ ጥቂቶች አሉ፣ የሚሄዱ በራሳቸው መንገድ።
ደግሞ አባ፣ ሰው ከአፉ የማይለየው፣
የማይረቡትን ነው።»

ቤታችን ወረቀት ለብሷል። ፍሪጁ ላይ «ላ ኔቬራ»፤
መስኮቱ «ላ ቬንታና» ተባለ፣ ቁም ሳጥኑም ስም ተጠራ።
ሰኪና ጓዳ ስትገባ፣ ስኳሩ «አሱካር»፣ ሩዙ «አሮስ»፤
ሸሚዜ ላይ «ካሚሳ» በመርፌ ቁልፍ። «ይሄማ የኛው ቀሚስ!
ባሕር ሲሻገር ውኃው አሳጠረው፣ ሸሚዝ ሆኖ አረፈው።»
ከላይ ፎቅ ያለው ፊሊፒኖ፣ ሮሜል፣ ጨው ሊበደር መጥቶ ደነገጠ፦
«ቬንታናማ የእናቴ ቃል ነው!» ጨውን ረሳና ተቀመጠ።

መምህሯ ፒላር፣ የቦጎታ ልጅ፣ ሰኞ ዕለት ጠየቀች አሉ፦
«የየት አገር ሰው ናችሁ? በሙሉ ዓረፍተ ነገር በሉ።»
በስፓኒሽ «ነኝ» ሁለት ነው፣ ትለኛለች ረውዳ፤
«ሶይ» የሚሉት እንደ ባለቤት፣ «ኤስቶይ» የሚሉት እንደ እንግዳ።
እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ጥርስ ነቅላ፣ እዚሁ ፊደል ቆጥራ፣
ኪሷ ያለው ካርድ ግን እንደ ወተት
የሚያልቅበት ቀን ተጽፎበታል።
ከሚሴን በስልክ ነው የምታውቃት። ሻርጃን በእግሯ።
የቱን ትበል? ተራዋ ደረሰ፣ አለፈ፣ ሳይከፈት ከንፈሯ።
የደማስቆ ሰዎች ልጅ ሊናም ዝም፤ የካራቺውም ልጅ ዝም።
ፒላር ጥያቄውን ከሰሌዳው ጠረገችው። ሌላ አልጻፈችም።

ይኼን ስታወራኝ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ሙሄ ነው፤ «እንዴት ነህ?»
«አለሁ» አልኩት።
እርሳሷ ከጥርሷ ወደቀ። «አባ! እሱ ‹ነህ› ሲልህ
አንተ ‹አለሁ› አልከው!»
«ታዲያ ምን ልበለው?»
መልስ የላትም፤ ግን ደብተሯ ጥግ ላይ ጻፈችው፣
በፊደላችን፣ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፣ ደግማ አነበበችው።
እኔ ስፓኒሽ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን
«እንዴት ነህ» ላለኝ ሰው «ነኝ» ብዬ መልሼ አላውቅም።

የኋላው መኪና ጡሩንባውን ነፋ። ሦስት ክንድ ያህል ሄድን፣ ቆምን።
ውኃው በሆዱ ተንገላታ። «አባ፣ ቀጥል በለኝ» አለች።
ቀጥይ አልኳት።

ዓርብ እቁቡ ሲሰበሰብ፣ ሳንቲሙ ሳይቆጠር እነግራቸዋለሁ፦
ስፓኒሽ ነው።
«ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም።
ጥቂቱ አይረባም፣ እላለሁ።